ዱሩ እስከ የት ነው?

ለብዙ ጊዜ የተወለድኩበት ቤት በአንዲት ፊደል ጠፋ ብዬ አምን ነበር። ይህቺን ፊደል ለስንት ልጅ እንዳስተማርኩ እኔና ጥቁር ሰሌዳው እናውቃለን፤ የሆነውን ነገር ግን ለሰው በወጉ አውርቼው አላውቅም። እስኪ ዛሬ ታግሣችሁ ስሙኝ። ነገር ከሥሩ ካልጀመርኩ ስለማይሆንልኝ ትንሽ ወደ ኋላ እመልሳችኋለሁ።

በደርግ ጊዜ ቢቸና ከተማ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። ልጅ እግር ነኝ፣ አላገባሁም። የተወለድኩት ከሞጣ ወጣ ብሎ ዝግባ ዳር በምትባል መንደር ነው። ከቢቸና ሞጣ ምን አላት ትሉ ይሆናል፤ ያኔ ግን መኪና የሚገኘው በዕድል ነው፤ ሲገኝም እህል ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ አቧራ ጠጥቶ፣ አንዳንዴም ደብረ ወርቅ አድሮ ነው። እኔ ደግሞ አገር ናፋቂ ነኝ፣ ሰው እስኪስቅብኝ ድረስ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሽንኩርት ልገዛ ገበያ እወጣና ከሞጣ በኩል በሬ ሊሸጥ የመጣ ሰው ፈልጌ፣ «ዝናቡ እንዴት ነው? የአባቴን ቤት አይተኸዋል?» እያልኩ ስጠይቅ ቆይቼ ሽንኩርቱን ረስቼ እመለሳለሁ። አብራኝ የምትኖረው አስተማሪ፣ «አንቺን የናፈቀሽ ሰው ነው ወይስ ጣራ?» ትለኝ ነበር።

ሁለቱም ናፍቀውኛል። ወደ ሞጣ እንዲያዛውሩኝ በየዓመቱ አመለክታለሁ። ሐሳቤ ቀላል ነበር። ሞጣ እያስተማርኩ፣ ቅዳሜና እሑድን አባቴ ቤት ልውል፤ እናቴ የተከለችው ብሳና ሥር ተቀምጬ የልጆቹን ደብተር ላርም። ከዚህ የበለጠ ነገር እግዜርን ለምኜው አላውቅም።

ቤታችን ከመንደሩ ተነጥሎ ለብቻው አፋፉ ላይ ነው። ከበላዩ ጥቁር ዱር የምንለው ጫካ አለ፤ ከበታቹ መንደሩ። መንደሩ ዝግባ ዳር ይባል እንጂ አንድም ዝግባ አይታይበትም። ልጅ ሆኜ «ዝግባው የታለ?» ስላት እናቴ እየሳቀች በእጇ የቤቱን ምሰሶ ታሳየኝ ነበር። ከቤቱ ጀርባ ደግሞ ደረቅ ጎድጓዳ ቦታ አለ። «ምንጩ» እንለዋለን፤ ጠብታ ውሃ ግን የለውም። ውሃ የምንቀዳው ገደሉን ወርደን ከወንዙ ነው። እናቴ የሞተችው በዚያ ቁልቁለት ነው፤ የሞላ እንስራ አዝላ ስትወጣ አዳልጧት። አባቴ ከዚያ ወዲህ ስለምንጩም ስለቁልቁለቱም ሲያነሣ ሰምቼው አላውቅም፤ እኔም ደፍሬ አልጠየቅሁትም።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ በአንዱ ቅዳሜ፣ የመንደሬ ሰው ገበያ መሐል አገኘኝ።

«እናንዬ፣ አባትሽ አያ ይርጋ ወሰን ሊመሩ ነው። ሐሙስ ድረሺ ብለውሻል» አለኝ።

«የምን ወሰን?»

«የዱሩን ነዋ! መንግሥት ጥብቅ ደኑን ሊያሰፋው ነው።»

የደን አዋጅ ወጥቶ ጥቁር ዱር የመንግሥት ከሆነ ቆይቷል። ተለክቶ የተከለለው ግን የላይኛው ኮረብታ ብቻ ነበር። ከዚያ በታች ያለውን ሰው እየመነጠረ፣ ከሰል እያከሰለ ሊጨርሰው ነው። ስለዚህ በአዋጁ መሠረት ክልሉ እስከ ዱሩ ጫፍ እንዲሰፋ ተወስኗል። በክልሉ ውስጥ የተገኘ ቤት ይነሣል፤ ባለቤቱ ሜዳው ላይ በተመሠረተው አዲስ መንደር ቦታ ይሰጠዋል። ሰውየው «ይነሣል» ሲል ክው አልኩ። የዱሩ ጫፍና የእኛ አጥር እኮ የሚጠራሩ ናቸው።

ርእሰ መምህሩን አስፈቅጄ በጭነት መኪና ተሳፈርኩ። ረቡዕ ጀምበር ሳትጠልቅ ቤት ስደርስ አባቴ ብሳናው ሥር ተቀምጧል። ጉልበቱን ስሜ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አባቴ በዚያ ሰሞን ጆሮው ደክሟል ይባል ነበር። ጎረቤቶቹ ይቀልዱበታል፤ ስብሰባ ሲጠሩት አይሰማም፣ መዋጮ ሲሉት አይሰማም፣ ጠላ ቀርቧል ሲሉት ግን ከማዶ ይሰማል እያሉ። እኔ ግን የምር አዝኜለት ነበርና ጮክ ብዬ ነው የማወራው።

«አባዬ፣ ነገ የሚመሩት የዱሩን ጫፍ ነው። ቤታችን ውጭ ነው አይደል?»

«ምን አልሽ?»

«ቤታችን!»

«ደህና ነው ቤቱ። አምና ነው ሣሩን የቀየርኩት።»

«ውጭ ነው ወይ ነው የምለው! ከክልሉ ውጭ!»

«ውጭማ ይበርዳል፤ ግቢ» አለኝ።

ሳቅሁ። አባቴ በልጅነቱ ቅኔ ቤት ቆይቶ፣ ሳይጨርስ ወደ እርሻ የተመለሰ ሰው ነው። ቅኔውን ቢተወውም፣ ቃል እያገላበጠ መመልከቱን ግን አልተወም። ያን ጊዜ ግን የሚጫወት አልመሰለኝም። ደክሞታል ብዬ ተውኩት።

በማግሥቱ ጠዋት ሰዉ ከአፋፉ ተሰበሰበ። ከግብርና የመጣው የደን ባለሙያ ገመቹ ይባላል፤ የወለጋ ልጅ ነው፤ ትሑት፣ ረጋ ያለ ሰው። ሁለት ሠራተኞች ሜትርና የቀይ ቀለም ቆርቆሮ ይዘው አብረውት ቆመዋል። የገበሬ ማህበሩ ሊቀ መንበር አቶ አስማረ ደግሞ የአገሩን ወግ ያስረዳዋል።

«ጓድ ገመቹ፣ በእኛ አገር ወሰን የሚመራ ሰው አስቀድሞ ይምላል። ከዚያ ከነሣሩ የተቆረጠ እርጥብ አፈር በትከሻው ይሸከማል። አፈሩን እስኪያወርድ አይናገርም፣ ወደ ኋላ አይመለስም። የረገጠው ሁሉ ወሰን ነው።»

«ቢዋሽስ?» አለ ገመቹ።

«አፈሩ ይጫነዋል። ከዋሸ አይከርምም።»

ገመቹ የቀለሙን ቆርቆሮ አየት አደረገና፣ «ሰው ይሄን የሚያከብር ከሆነ ከእኛ ቀለም ይሻላል። ይማሉ» አለ።

አባቴ ጋቢውን አጣፍቶ ማለ። አፈሩ ተቆርጦ ቀረበ። ገመቹ ጆሮው እንደደከመ ነግረውት ኖሮ ጠጋ አለና ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠየቀው።

«አባቴ፣ ዱሩ እስከ የት ነው?»

አባቴ ቀና ብሎ ዱሩን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ። ከዚያ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ «ዱሮ?» አለ።

«አዎ አባቴ» አለ ገመቹ።

ድሮን ዱሮ የምንለው እኛ የአገሩ ሰዎች ነን። ገመቹ ሽማግሌው የእሱኑ ቃል የደገሙለት መስሎት ነው። እኔም ከራቅሁበት «ሮ» ይበል «ሩ» አልለየሁም። ሁለት ሰዎች አፈሩን አንሥተው በአባቴ ትከሻ ላይ አስቀመጡለት፤ እሱም መንገድ ጀመረ።

መጀመሪያ ሁሉም ደህና ነበር። ከሸለቆው አፍ ተነሥቶ በዱሩ ጠርዝ ጠርዝ ሄደ። ሠራተኞቹ እግሩ የረገጠበትን ድንጋይ ቀይ ይቀባሉ። እኔ ከኋላ ከሰዉ ጋር እየተከተልኩ፣ ነገ ቢቸና ስመለስ ምን እንደምል አስብ ነበር። «ቤታችን ተረፈ» ብዬ ለዚያች ቀልደኛ ጓደኛዬ ሽንኩርት እገዛላታለሁ።

ከቤታችን በላይ የዱሩ ጠርዝ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። አባቴ እዚያ ሲደርስ አልታጠፈም። ቀጥ ብሎ ቁልቁል ወረደ።

«ወዴት ናቸው?» አለ አቶ አስማረ።

አባቴ በእርሻው መሐል ወደ ቤታችን እየወረደ ነው። ያን ጊዜ «ዱሮ?» ያለበት ድምፅ ጥርት ብሎ ትዝ አለኝ። የተጠየቀው ዱሩ፣ ጫካው፣ ዛሬ እስከ የት እንደሆነ ነው። እሱ የሚመራው ግን ጫካው ዱሮ እስከ የት እንደነበረ ነው!

ነጠላዬን ጥዬ ሮጥኩ። ደረስኩበትና ጎን ለጎን እየሄድኩ ጮህኩ።

«አባዬ! ዱሮ አይደለም! ዱሩ ነው የተባሉት! በካዕብ ነው አባዬ፣ በሳብዕ አይደለም!»

አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ሰው ቤቱ ሲሄድበት ፊደል ቆጥሮ ይጮኻል? የፊደል አስተማሪ ሆኜ ሌላ ጩኸት አልመጣልኝም። አባቴ አላየኝም። አፈሩ ከባድ ነው፤ አንገቱ ጎብጧል፤ ጭቃው በጋቢው ላይ ይወርዳል። ወደ አጥራችን ሲጠጋ እንዲያው ከአጥሩ በላይ ይለፍ፣ በላይ በኩል ብቻ ይለፍ ብዬ ለመንኩ። እግሩን አየሁት። ወደ ታች ሄደ። በአውድማው አለፈ፤ በብሳናው ጥላ ሥር አለፈ፤ ቤታችን ከዱሩ ወገን ቀረ። ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። ከደረቁ ምንጭም በታች ወርዶ፣ ወደ ወንዙ የሚያወርደው ቁልቁለት አፋፍ ላይ ቆመ። አፈሩን እዚያ አወረደው።

ገመቹ እያለከለከ ደረሰ። «ምንድን ነው እህቴ?» አለኝ። የሆነውን እያለቀስኩ ነገርኩት። ፊቱ ተለዋወጠ።

«የእኔ አነጋገር ነው። እኔ አማርኛ የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው፤ ሳላስተካክለው ቀርቼ ነው» አለና አባቴ ፊት ቁጢጥ አለ። «አባቴ፣ እኔ የጠየቅሁት ዛሬ ያለውን ጫካ ነበር። ስሕተት ነው፤ ይሄን እንሰርዘውና እንደገና ይምሩን። ቤትዎ ይቀርልዎታል።»

አቶ አስማረ እንኳ፣ «ወሰን ሁለት ጊዜ ተመርቶ አያውቅም፤ ግን አያ ይርጋ ካሉ…» አለ። አንዲት ቃል ናት የቀረችው። እኔ አባቴን በዓይኔ እለምናለሁ።

አባቴ በትከሻው ላይ የቀረውን አፈር በእጁ አራገፈ።

«ልጄ፣ የሰማሁትን መራሁ» አለ።

ገመቹ ከዚያ ተነሥቶ ለሠራተኞቹ ምልክት ሰጣቸው፤ የአውድማችንን ድንጋይ ቀይ ቀቡት። እኔ ብሳናውን አቅፌ አለቀስኩ። ሰው ሲበተን፣ «ጆሮዎ ቤቴን በላው!» አልኩት አባቴን። የሰማኝ አልመሰለኝም።

ክረምት ሳይገባ ቤቱ ፈረሰ። ጎረቤቶች እንጨቱንም ሣሩንም ተሸክመው ወደ ሜዳው አወረዱለት። የዝግባውን ምሰሶ ሊነቅሉ ሲሉ ግን አባቴ ከለከላቸው። «እሱ ይቅር፤ አገሩ ነው» አለ። ምሰሶው ብቻውን ቆሞ ቀረ።

የሚገርማችሁ፣ በዓመቱ ዝውውሬ ተፈቀደ። ስለምነው የኖርኩት ሞጣ ተሰጠኝ፤ ቤቱ ግን የለም። ያን ቀን ደስ እንዲለኝ ብዙ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ሞጣ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቼ፣ አዲሱ መንደር ስላልተስማማው አባቴን አመጣሁት። በፍቅር ነበር የምንኖረው፤ ያቺ ቀን ግን በመካከላችን ሳትነሣ ተቀምጣለች።

አንድ ሐምሌ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣራ እየደበደበው፣ ጀርባዬን ለአባቴ ሰጥቼ መስኮቱ ሥር ደብተር አርማለሁ። አንዱ ተማሪ «ዱሩ አባቴ ወታደር ነበረ» ብሎ ጽፏል። ለራሴ፣ በከንፈሬ ያህል፣ «ዱሮ ማለቱ ነው» አልኩ። በዚያ ዝናብ እኔም ራሴን አልሰማሁትም።

«ተማሪሽ ተሳስቷል፤ ያ ወለጌ ግን አልተሳሳተም» አለ አባቴ ከኋላዬ።

ዞርኩ።

«ሰሙኝ እንዴ አባዬ?»

«ጆሮዬ መቼ ደከመ? ደክሟል ሲሉኝ እሰማ ነበር።»

«እንግዲያ ያኔ…»

«ከትምህርት ቤትና ከራዲዮ አማርኛ የለመደ ሰው ድሮ ነው የሚለው፤ ዱሮ አይልም። ዱሩ እንዳለኝ አውቄያለሁ። አንቺ የፊደል አስተማሪ ሆነሽ እንዴት አመለጠሽ?»

«ምለው ነበር እኮ!»

«ታዲያ ምን ዋሸሁ? ዱሮ? ብዬ ጠየቅሁት፤ አዎ አለኝ። ዱሮን መራሁት» አለና ፈገግ አለ። ወዲያው ፈገግታው ጠፋ።

እግሩ ሥር ሄጄ ተቀመጥኩ። እሱም ያን ጊዜ ነው የነገረኝ። አያቴ ቤቱን ሲሠራ ዝግባዎቹን አንድ ሳያስቀር ጣላቸው። አባቴ ልጅ ነው፤ ግንዱን በገመድ መጎተታቸውን ያስታውሳል።

«ምንጩ ያኔ መደብ ላይ ተኝተሽ ይሰማሽ ነበር። ዛፉ ካለቀ በኋላ በየዓመቱ እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ። እናትሽን ስጠይቃት 'ቤቴ ምንጭ ዳር ነው' ብያት ነበር። አሁን ይመለሳል፣ የዘንድሮው ክረምት ይመልሰዋል እያልኩ… ስትመጣ የጠበቃት ገደል ነው። እስክትሞት አንድ ቀን እንኳ 'የታለ ምንጭህ?' አላለችኝም።»

ዝናቡ ቀጥሏል። ጉልበቱን ያዝኩ።

«እና አዋጅ ታውጆ፣ ያን የሚያህል ሰው ከሩቅ መጥቶ ዱሩን ሲጠይቀኝ፣ እኔ ለሷ የምሰጣት ሌላ ምን አለኝ?»

«ምነው ለእኔ ቢነግሩኝ?»

«ታለቅሽብኛለሽ፤ ስታለቅሽ ደግሞ እተወዋለሁ» አለኝ።

አባቴ ምንጩን ሳይሰማ ሞተ። ዝግባ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ አይደለም፤ እሱም ያውቀው ነበር። እኔም «ጆሮዎ ቤቴን በላው» ማለቴን በሰማ ጆሮው እንደሄደ አውቃለሁ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ኋላ መንግሥት ሲለወጥ፣ ጠባቂ ጠፍቶ በየቦታው ደን ሲጨፈጨፍ፣ ከጥቁር ዱር ማንም አልገባም። ቀዩ ቀለም ያኔ ዝናብ አጥቦት አይታይም። ሰዉ የፈራው አያ ይርጋ አፈር ተሸክሞ የረገጠውን ነው።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ያደጋችሁበት ቤት ሌላ ሰው ገብቶበት፣ ወይ ፎቅ ተሠርቶበት ይሆናል፤ ቢያንስ በሩቁ ታዩታላችሁ። የእኔ ቤት ዱር ሆኗል። ሲያምር አይቼ ደስ ይለኛል፤ ደስ እያለኝ ይናፍቀኛል። ሁለቱን ለይቼ ለማስቀመጥ ሞክሬ ስላቃተኝ ትቼዋለሁ። አዋጅ በራዲዮ ሲነበብ ግን እንደ ዱሮው በጆሮዬ አሳልፌ አልተኛም፤ አንድ ቦታ አንድ ሰው ቤቱን በየትኛው በኩል እንደሚያስቀር ቆሞ እያሰበ ይመስለኛል።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በየዓመቱ እሄዳለሁ። አምና ወንዙ አፋፍ ላይ፣ አባቴ አፈሩን ካወረደበት ቦታ ስደርስ፣ የደኑ ጥበቃ አስቆመኝ። አዲስ ነው፣ አያውቀኝም።

«እማማ፣ ከዚህ ወዲያ ጥብቅ ነው። አይገባም።»

«ዱሩ እስከ እዚህ ድረስ ነው?» አልኩት።

«ዱሮማ እዚህ ቤት ነበረበት ይላሉ» አለኝ። «የዝግባ ምሰሶው ከዛፉ መሐል አሁንም ቆሟል።»

ዱሩ ያልኩትን ዱሮ ብሎ ሰማው፤ ሳላርመው ቀረሁ። እንደገና ከበቀሉት ዝግባዎች ውስጥ፣ ቤታችን ጀርባ ከነበረው ጎድጓዳ በኩል፣ ውሃ ኩልል ይላል።

«ምንጩ ይሰማዎታል?» አለኝ።

እጄን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ።

«ጆሮዬ ደክሟል ልጄ። እስኪ ትንሽ ጠጋ ልበል» አልኩት።

ግራና ቀኙን አይቶ መንገድ ለቀቀልኝ። ከቆምኩበትም ቢሆን ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር።